ቁስል ሳይጠራ አይሰፋም

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚሳሳትባቸው ነገሮች አንዱ፥ እውነተኛውን ጥያቄ ያለ ጊዜው መጠየቅ ነው። ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም። ዳኛ ይጠይቃል፤ አስተማሪ ይጠይቃል፤ እናትም ልጇ አምሽቶ ሲገባ ትጠይቃለች። ነገር ግን ጥያቄ ሁሉ ተራ አለው። ቤቱ የሚቃጠልበትን ሰው፥ «እሳቱን የለኮሰው ማን ነው?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤት፥ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሰውየውን አልረዳውም። እኔ ይህን ነገር ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። በመልካ ጀብዱ ከአንድ ቁስል አጣቢ ሽማግሌና በከተማው ከአንድ ወጣት ሐኪም ተማርሁት እንጂ፤ ያውም አስቀድሜ ካፈርሁ በኋላ ነው።

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ዛሬ አዲሱ የባቡር ጣቢያ በአቅራቢያዋ ስለ ቆመ፥ ከነሐሴ 2014 ዓ. ም. ጀምሮም ነፃ የንግድ ቀጣና ስለ ተከፈተባት፥ ስሟ በየጋዜጣው ይነሣል። እኔ በወጣትነቴ ለማስተማር ስመጣ ግን፥ አሸዋማ ወንዝ፥ የአትክልት ቦታ፥ ግመልና ፍየል የሚነዳበት መንገድ፥ ወደ ሁርሶና ወደ ኤረር የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ ያላት ትንሽ ቦታ ነበረች። ኦሮሞውም፥ ሶማሌውም፥ አማራውም በአንድ ገበያ ይገበያይ ነበር፤ አንድ ሰው ንግግሩን በአንድ ቋንቋ ጀምሮ በሌላ ሲጨርሰው መስማትም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ. ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊትም በጥቂት ጊዜ ውስጥ አዛዥ፥ ደመወዝና ቀለብ የሌለው ሆነ። በሰኔ ወር የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ የቀይ መስቀል ሰዎችም በየካምፑ ለተሰበሰቡት እህል ያድሉ ጀመር። ነገር ግን እርዳታው ለያንዳንዱ ሰው እስኪደርስ ድረስ፥ ትናንት በጠመንጃው የተፈራ ሰው ዛሬ በየደጁ ቁራሽ ሲለምን ያየንበት ዘመን ነበር።

እኔ በዚያ ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ከሄደ በኋላ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። እናታችን ባቡር ባፏጨ ቍጥር ከደጅ ትወጣ ነበር። ጦርነቱ አበቃ በተባለ ጊዜ፥ ወታደር ሁሉ ሲመለስ እሱም ይመለሳል ብለን ጠበቅን። ሰኔ ገባ፤ እሱ ግን አልመጣም።

በዚያ ወር አንድ ቀን፥ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፥ አንድ ሰው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ቀለሙ የለቀቀ የወታደር ሱሪ ለብሷል። አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁም ከቁስሉ ጋር ደርቆ ጠቍሯል፤ ዝንብም ይከተለዋል።

«ጋሼ፥ ውሃ ካለ» አለኝ። «ከጥላው ሥርም ጥቂት ልረፍ።»

እኔ ግን ውሃውን ትቼ ጥያቄ አመጣሁ። «የየትኛው ክፍለ ጦር ነህ?» አልሁት። «ከወዴት ነው የመጣኸው?» አልሁት። በመጨረሻም፥ «አንተ እንዴት ተረፍህ?» አልሁት። ሁለቱን ጥያቄዎች የጠየቅሁት ለሦስተኛው መንገድ ለመጥረግ እንደ ነበረ የገባኝ፥ ሦስተኛው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሰውየውን የጠላሁት ክፉ ስለ ሠራብኝ አልነበረም፤ ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። የጠላሁት እሱ ተመልሶ ወንድሜ ስላልተመለሰ ነበር።

ወታደሩ ለሁለቱ ጥያቄ አልመለሰም። ለሦስተኛው ብቻ፥ «እኔም አላውቅም» አለኝ። እኔም ዘበኛውን በሩን እንዲዘጋ አዝዤ ፊቴን መለስሁ።

ዘበኛው የአገሩ ሽማግሌ ነበር። በሩን እንዳዘዝሁት ዘጋው፤ የዘጋው ግን ራሱ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ነው። ከጄሪካኑ ውሃ ቀድቶ አጠጣውና ወደኔ ዞር ብሎ፥ «መምህር፥ ውሃ የለመነ ሰው ወረቀት አይጠየቅም» አለኝ። ከዚያም ሰውየውን ደግፎ ወደ ድሬሰሩ ቤት ወሰደው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በቃሌ አጥንቼ ሽልማት የተቀበልሁ ሰው ነኝ። ዘበኛው ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር።

በዚያው ማታ እግሬ እየጎተተኝ ወደ ድሬሰሩ ቤት ሄድሁ። ይህ ሰው በወጣትነቱ ከሐኪሞች ጋር ሠርቶ ቁስል ማጠብን፥ መርፌ መውጋትን፥ ስብራት ማሰርን የተማረ አዛውንት ነበር። መንደርተኛው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱ ግን፥ «እኔ የዶክተር በር ከፋች ነኝ» ይል ነበር። ስገባ ማን እንደ ሆንሁ ሳይጠይቅ፥ «ና፥ ፋኖሱን ከፍ አድርገህ ያዝልኝ» አለኝ። ያዝሁ። አፍልቶ ባቀዘቀዘው የጨው ውሃ ጨርቁን አርጥቦ ቀስ በቀስ ከቁስሉ ያላቅቅ ጀመር። እሱም ይጠይቅ ነበር። «እህል ከቀመስህ ስንት ቀን ሆነህ? መቼ ነው የቆሰልኸው? ሌሊት ያንቀጠቅጥሃል? የእግርህ ጣት ይሰማሃል?» ይህን ሁሉ ሲጠይቅ፥ የየትኛው ክፍለ ጦር እንደ ሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። ወታደሩም ለእኔ የነፈገኝን መልስ ለእሱ ሳያጓድል ሰጠው።

ሲጨርስ፥ «አጥንቱ ተነክቷል፤ ይህ ከእኔ በላይ ነው» አለ። ወደኔም ተመልክቶ፥ «አንተ ከተማውን ታውቃለህ። ነገ በማለዳ ይዘኸው ሂድ» አለኝ። እምቢ ለማለት አፍ አጣሁ።

በከተማው ሐኪም ቤት የድንገተኛ ክፍሉ መተላለፊያ በሰው ተሞልቶ ነበር። እንቅልፍ ያጣ፥ ዓይኑ የቀላ አንድ ወጣት ሐኪም በመካከላችን እየተመላለሰ ያያል። ከእኛ በፊት የመጣ፥ ክንዱ የተሰበረ ባለጠጋ ነጋዴ ተራዬ ነው እያለ ይቆጣል። ሐኪሙ ግን ከሁላችን በኋላ የገባችውን፥ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን የታቀፈች ሴት አስቀደመ። ቀጥሎ ትኩሳቱ እንደ እሳት የሚፈጀውን የእኔን ወታደር አስገባ። ነጋዴው ከእኛ በኋላ ሆነ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሀብትም፥ ማዕረግም፥ ቀድሞ መምጣትም ወረፋ አላሰጠም፤ ወረፋ የሚሰጠው ሞት ለማን ይበልጥ እንደ ቀረበ ብቻ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሰውየውን ሳየው ቁስሉ አልተሰፋም። ሰፋ ተደርጎ ተከፍቶ፥ በንጹሕ ፋሻ ብቻ ተሸፍኗል። ተቆጣሁ። ትናንት በር የዘጋሁበት እኔ ዛሬ ጠበቃ ሆኜ፥ «ዶክተር፥ የወደቀ መንግሥት ወታደር ስለ ሆነ ነውን ሳይሰፋ የተተወው?» አልሁት።

ሐኪሙ ድካሙ ሳይከለክለው ፈገግ አለ። «ወንድሜ፥ ጥይት ወደ ሥጋ ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ የልብሱን ክርና የመንገዱን አፈር ይዞ ይገባል። በመንገዱ ያገኘውንም ሥጋ ይገድለዋል። ላዩን ብሰፋው ዛሬ ታመሰግነኛለህ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ውስጡ ይበሰብሳል። እግሩን ወይም ሕይወቱን ያጣል። አሁን የሞተውን ሥጋ ቆርጬ አወጣሁ፤ ደኅናውን አተረፍሁ፤ እንዲተነፍስም ተውሁት። ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ እናየዋለን፤ ንጹሕ ከሆነ ያን ጊዜ እንሰፋዋለን። የጦር ቁስል ሳይጠራ አይሰፋም» አለኝ።

በኋላ እንደ ተረዳሁት ይህ የዚያ ሐኪም የግል ብልሃት አልነበረም። የጦር ቀዶ ጥገና ሊቃውንት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከብዙ ሺህ ሰው ሞት የተማሩትና እስከ ዛሬም በየጦር ሜዳው ሐኪም ቤት የሚሠራበት ደንብ ነው። በጥድፊያ የተሰፋ ቁስል አየር የማይወደውን ተውሳክ በውስጡ ዘግቶ ጋንግሪንንና መንጋጋ ቆልፍን ያመጣል።

ቁስሉ በአምስተኛው ቀን ተሰፋ። ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክራንች ይዞ ሊሰናበተን መጣ። የወንድሜን ስም ነገርሁትና ያውቀው እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ አላወቀውም። ነገር ግን ስሙን ሁለት ጊዜ ደግሞ ካለው በኋላ፥ «ጋሼ፥ ባገኘው፥ ቤት ይጠብቁሃል እለዋለሁ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ወንድሜም አልመጣም።

አንድ ዓመት አለፈ። በሰኔ 1984 ዓ. ም. የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ከሽግግር መንግሥቱ ሲወጣ፥ በምሥራቁ አገር እንደ ገና ተኩስ ተነሣ። ከተያዙት ተዋጊዎች መካከል ወደ 20 ሺህ የሚጠጉት በሁርሶ፥ በአጋርፋ፥ በብላቴና በደዴሳ ካምፖች ተቀመጡ። ሁርሶ የእኛው ጎረቤት ናት፤ ሐዲዱም በእኛ በኩል ነው ወደዚያ የሚሄደው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑካንም እነዚህን ካምፖች ይጎበኙ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ሰፈር ተጨናንቆ ሲቀመጥ፥ ከጥይት ይልቅ ወባና ተቅማጥ እንደሚገድለው የሕክምና ሰዎች ሁሉ ያውቃሉና፥ ጦርነት አበቃ ሲባል የሐኪም ሥራ አያበቃም።

በዚያ ክረምት አንድ ሌሊት ወደ ድሬሰሩ ቤት ሁለት ቁስለኞች መጡ። የመጀመሪያው ክንዱን የተመታ ነበር፤ ያመጡትም ጠመንጃ የያዙ ጓደኞቹ ናቸው። ሁለተኛውን የመንደሩ ሽማግሌዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። እሱም የሌላው ወገን ተዋጊ ነው፤ ጭኑን ተመትቶ ደሙ በቃሬዛው ጨርቅ ያንጠባጥባል። እኔ ያን ጊዜ ፋኖስ ያዥነቴን ለምጄው ነበር። ድሬሰሩ ሁለቱን አየና በቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከ።

ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ «አባባ፥ ቀድመን የመጣነው እኛ ነን! ደግሞስ ይህ ማን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አለ።

ሽማግሌው በሁለት እጁ የጭኑን ቁስል አጥብቆ እንደ ተጫነ፥ ቀና ሳይል፥ «ክንድ ይጠብቃል፤ የጭን ደም አይጠብቅም። ማን እንደ ሆነ ሲነጋ ትነግረኛለህ» አለው። ለእኔም፥ «መምህር፥ ፋኖሱን አስቀምጥና እዚህ ላይ ተጫን» አለኝ። እኔ እጄን ከእጁ በታች አገባሁ፤ ቤቱም ጨለመ። ጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያም ያ የጮኸው ሰው ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ፥ ፋኖሱን አንሥቶ ከራሳችን በላይ ያዘልን።

ሌሊቱ ሳይነጋ ደሙ ቆመ፤ የሌላውም ክንድ ታጥቦ ታሰረ። ሁለቱም በአንድ መኪና ወደ ከተማ ተላኩ። ከዚያ በኋላ ዘበኛው አንድ ነገር ነገረኝ። የድሬሰሩ የበኵር ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት በተኩስ ሞቷል፤ ሽማግሌውም የየትኛው ወገን ጥይት እንደ ገደለው ያውቃል፤ ነገር ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። «ለምን?» አልሁት። ዘበኛውም፥ «ቢናገር፥ ከዚያ ወገን የሆነ ቁስለኛ ወደ እሱ ለመምጣት ይፈራ ነበር» አለኝ። እኔ የወንድሜን ኀዘን በር መዝጊያ አድርጌው ነበር። እሱ ግን የልጁን ኀዘን በራሱ ልብ ውስጥ ቆልፎ በሩን ክፍት ተወው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ፥ በልጅነቴ የፈረንሳይኛ መምህራችን የነገሩን ታሪክ ታወሰኝ። በናፖሌዎን ዘመን ላሬ የሚባል የጦር ሐኪም ነበር። እሱም ቁስለኞችን ከተኩሱ መካከል ፈጥነው የሚያወጡ በፈረስ የሚሳቡ ሠረገላዎችን ያበጀ ሰው ነው። ከዚህም የሚበልጠው ያቆመው ደንብ ነው፤ ይኸውም ሐኪም የቁስለኛውን ማዕረግና አገር ሳይመለከት፥ አብዝቶ የተጎዳውን ያስቀድም የሚል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1815 በዋተርሉ ጦርነት ላሬ በፕሩሲያኖች እጅ ወደቀ፤ ሊረሽኑትም ሲሉ አንድ ሐኪማቸው አወቀው ይባላል። ወደ ጦር አዛዡ ወደ ብሉኸር በቀረበም ጊዜ፥ ቀድሞ የብሉኸርን ልጅ ቆስሎ ሳለ ያዳነው እሱ መሆኑ ታወቀና በክብር ተሸኘ። መምህራችን ይህን ሲነግሩን፥ «ላሬ ያን ልጅ ሲያክም አንድ ቀን ነፍሴን ያድናል ብሎ አልነበረም» ይሉን ነበር። መልካም ሥራ ሒሳብ ይዞ ከተሠራ ንግድ ይሆናልና።

ከዚያም በኋላ፥ በ1859፥ ሄንሪ ዱናን የሚባል የስዊስ ነጋዴ በኢጣሊያ አገር በሶልፌሪኖ የጦር ሜዳ አጠገብ ደረሰ። በአንድ ቀን ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ ነበር። የዚያ አገር ሴቶች ሁሉም ወንድማማች ናቸው እያሉ የሁሉንም ወገን ቁስለኛ ሲያጥቡ አየና ልቡ ተነካ። ከዚህም የቀይ መስቀል ማኅበርና በ1864 የተፈረመው የመጀመሪያው የጄኔቭ ስምምነት ተወለዱ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ. ም. ተቋቋመ። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በታኅሣሥ 1928 ዓ. ም.፥ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በደቡብ በራስ ደስታ ጦር ግንባር በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር በቦምብ ደበደቡት። ጉንናር ሉንድስትሮም የሚባለው ስዊድናዊ ከቁስለኞቹ ጋር ሞተ፤ የሰፈሩ አለቃ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰሉ። ያም «መልካ» ነበር፤ መሻገሪያ። የባዕድ አገር ሰዎች ለእኛ ቁስለኛ ሲሉ ደማቸውን ያፈሰሱበት መሻገሪያ።

የእርስ በርስ ጦርነት ግን ከባዕድ ጦርነት ይልቅ ሐኪምን ይፈትነዋል። ባዕዱ ወራሪ ሲሸነፍ ወደ አገሩ ይሄዳል። በእርስ በርስ ጦርነት ግን የተዋጋው ሰው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ተኩሱ ሲያበቃ የሚመለሰው ወደዚያችው መንደር ነው፤ የሚታከመውም በዚያው ሐኪም ቤት ነው። በ1949 በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉት የጄኔቭ ስምምነቶች በሦስተኛው አንቀጻቸው፥ በአንድ አገር ውስጥ በሚነሣ ጦርነትም ቢሆን ቁስለኛና በሽተኛ ተሰብስቦ መታከም እንዳለበት የደነገጉት ስለዚህ ነው። ኢትዮጵያም በ1962 ዓ. ም. አጽድቃቸዋለች።

እናንተ ራሳችሁ ያያችሁት ጦርነትም ይህን ይመሰክራል። በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራና ወደ አፋር በተዛመተው ጦርነት፥ በመቀሌ የዓይደር ሐኪሞች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፥ መድኃኒት አልቆባቸው፥ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ጓንት እያጠቡ ሠርተዋል። በአማራና በአፋርም ብዙ ሐኪም ቤቶች ተዘርፈዋል፤ አልጋና መሣሪያቸውም ተሰባብሯል። በሰኔ 2013 ዓ. ም. ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች በትግራይ በሥራቸው ላይ ሳሉ ተገደሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም፥ በቀጣዩ ወር ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ370 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ወጣ፤ በኅዳር 2017 ዓ. ም.ም የትግራይ ተዋጊዎች ትጥቃቸውን እየፈቱ በመቀሌ መመዝገብ ጀመሩ። ጠመንጃው ገና ያልተቀመጠበት ሌላ ስፍራም በአገራችን አለ።

ስለዚህ በእናንተ ዘመን እንደዚያ በትምህርት ቤታችን በር እንደ ቆመው ሰው ያለ ብዙ ሰው በደጃችሁ ይቆማል። ከመካከላችሁም ሐኪም የሚሆን አለ። በእኔ ወጣትነት በአገራችን የድንገተኛ ሕክምናን ለይቶ የሚያስተምር ትምህርት አልነበረም። በ2003 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዚህ ሙያ የልዩ ሐኪሞች ሥልጠና ተጀምሯል። ዛሬ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሕመምተኛው እንደ ጉዳቱ መጠን ቀይ፥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይሰጠዋል፤ ቀዩ ይቀድማል። ያ ሽማግሌ በፋኖስ ብርሃን ያደረገው ይህንኑ ነው። ምልክቱ የትውልድ፥ የቋንቋ ወይም የወገን ቀለም የለውም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፥ «ልጄን የገደለውን ሰው ማከም ፍትሕን መርገጥ አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኔም በቀላል ቃል አላልፈውም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ድሬሰሩ፥ «ማን እንደ ሆነ አትንገረኝ» አላለም፤ «ሲነጋ ትነግረኛለህ» አለ እንጂ። ሐኪም ዳኛውን አልከለከለም፤ ተራውን ብቻ አሳየው። የሞተ ሰው ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ እውነትን አይናገርም፤ ይቅርታም አይለምንም፤ ካሣም አይከፍልም። ቁስለኛውን የሚያድን ሐኪም፥ ለፍትሕም ሰውየውን ያቆይለታል። ሐኪሙም ዳኛ ልሁን ያለ ቀን ከሁለቱ አንዱን አይሆንም። ወገን የሚለይ ሐኪም ቤት ባለበት አገር ማንም ሰው ቆስሎ ተኝቶ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ነገ የየትኛው ወገን ቁስለኛ እንደሚሆን ማን ያውቃልና?

የወጣቱ ሐኪም ቃል ደግሞ ከቁስለኛው አልፎ ለአገርም ይሆናል። ከጦርነት በኋላ ሕዝብ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው፥ «ያለፈው አለፈ፤ አታንሡት» ብሎ ሳያጥቡ መስፋት ነው። ይህ ላዩ ያማረ፥ ውስጡ የሚበሰብስ ቁስል ነው፤ ከዓመታት በኋላ በልጆች ላይ ይፈነዳል። ሁለተኛው፥ ቁስሉን በየቀኑ እየቆሰቆሱ ከቶ አለመስፋት ነው። ይህም ደኅናውን ሥጋ ጭምር ይጨርሰዋል። ሐኪሙ ግን የሞተውን ይቆርጣል፤ ደኅናውን ይጠብቃል፤ ጥቂት ቀን በትዕግሥት ያያል፤ ከዚያም ይሰፋል። እውነት መነገር አለበት፤ የተነገረውም እውነት አንድ ቀን ወደ ዕርቅ መድረስ አለበት።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ እኖራለሁ። ድሬሰሩም፥ ዘበኛውም፥ እናቴም በሕይወት የሉም። ወንድሜ በየት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንድ ሌሊት የማስበው ነገር አለ፤ እሱም ቆስሎ፥ ቀለሙ የለቀቀ ሱሪ ለብሶ፥ በማላውቀው አገር በአንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይሆናል። ያ ሰው እንደ እኔ ይሁን ወይስ እንደ ዘበኛው፥ አላውቅም። እንደ ዘበኛው ይሆን ዘንድ እመኛለሁ፤ ለመመኘት ግን መብት የሌለኝ ይመስለኛል።

እናንተ ግን ገና ወጣቶች ናችሁ፤ በራችሁም ገና በእጃችሁ ነው። መሣሪያውን ያስቀመጠ ሰው ከደጃችሁ በቆመ ጊዜ፥ የምትጠይቁት ብዙ ነገር ይኖራችኋል፤ ጊዜውም ይመጣል። መጀመሪያ ግን ውሃ ስጡት፤ የሚያመውም የት እንደ ሆነ ጠይቁት።